ጁባ ላይ በቀለም የሸፈንኩት ቅጥያ

ከጁባ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው አገሩ?» ይለኛል። ዕድር ላይ ጠየቁኝ፤ ጸጉር ቤት ጠየቁኝ፤ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር መንገዱን ትቶ ወደ ኋላ እየዞረ ጠየቀኝ። ለሁሉም በቃል መንገር ደከመኝና፣ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ቀስ እያልኩ በደብተር ጻፍኩት። ለማትሄዱበት አገር ዓይን ልሁናችሁ ብዬ ነው። ደግሞም መንገዱን ብቻ ነግሬ እዚያ ያደረግኩትን ብደብቅ ልክ አይመጣልኝም።

እኔ እዚህ ናዝሬት ጋሪ ሠሪ ነበርኩ፤ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ። ባጃጅ መጥቶ ጋሪውን ከአስፋልት ካስወጣው በኋላ በርና መስኮት እየበየድኩ ኖርኩ። አሁን ዓይኔ ደክሟል፤ ቤቴ እቀመጣለሁ። ልጄ ሜሮን ዲዛይነር ናት። ዲዛይነር ማለት አንድ ዕቃ ለሚገለገልበት ሰው እንዲመች አድርጎ መልኩን የሚያወጣ ማለት ነው፤ ወንበርም ይሁን አልጋ። ጁባ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ጋሪ እየሠራን ነው። ሞተር ሳይክል የሚጎትተው፣ ወላድ አስተኝቶ ክሊኒክ የሚያደርስ። እዚህ ዝናብ ሲጥል መኪና የማይገባበት ሰፈር ብዙ ነው። በያጅ ሞልቷል፤ ጋሪ የሚያውቅ ግን አጣሁ። ና።»

ስለ ጁባ የሰማሁት ሁሉ የሚያስፈራ ነበር። ልጅ ስትጠራ ግን እምቢ አይባልም።

ማክሰኞ በማለዳ ተነሥቼ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ገባሁ። እስከዚያ ደህና ነበርኩ። ፍርሃቱ የጀመረኝ አየር ማረፊያው በር ላይ ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቴ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን በደረት ኪሴ፣ ፓስፖርቴን በውስጥ ኪሴ፣ ልጄ የላከችውን የጥሪ ወረቀት ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ በየአሥር እርምጃው ሦስቱንም እዳብሳለሁ። ፍተሻው ጋ ስደርስ ቦርሳዬን አስቆሙት። ለካ የብየዳ ቅርፊት የማራግፍባትን ትንሿን መዶሻዬን ከእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻታለሁ። ፈታሿ ልጅ አወጣቻት፤ አንዱ ጫፏ የሾለ ነው።

«አባባ፣ በዚህ ሰው ቢመታስ?»

«ሰላሳ ዓመት ብረት ብቻ ነው የመታሁባት፣ ልጄ።»

ሣቀች፤ መዶሻዋን ግን አስቀረቻት። ባዶ እጄን የቀረሁ መሰለኝ።

አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ መዝሙር ጀመርኩ። በልቤ የምዘምር መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፄ ወጥቷል። አጠገቤ የተቀመጠች ረጅም የደቡብ ሱዳን ሴት ቀበቶዬን አጠበቀችልኝና እጄን ያዘች። በምን ቋንቋ እናውራ? እስክናርፍ ድረስ አልለቀቀችኝም። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጁባ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ የዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴ ላይ የከፈቱብኝ ያህል ነበር። የናዝሬትን ፀሐይ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የእኛዋ ከላይ ብቻ ነው የምታቃጥለው፣ የጁባዋ ከላይም ከታችም ከጎንም ናት። የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርቴን ገለጠና «ሀበሺ?» አለኝ። እኛን እንዲያ ነው የሚሉን። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ለምን መጣህ ይሆናል ብዬ ሁለት እጄን እንደ ልጓም ይዤ «ጋሪ፣ ጋሪ» አልኩት። አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን ጠርቶ እኔን አሳየውና ተሣሣቁ። እኔ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። በመጨረሻ ማኅተሙን መታልኝ።

ሜሮን ውጭ ቆማ እያለቀሰች ትሥቃለች። አብሯት ያለው ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ! ቾል እባላለሁ፤ መሐንዲሱ እኔ ነኝ። አይፍሩኝ፣ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ነው ያደግኩት። ጡት የጣልኩት በሽሮ ነው።»

አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ደስ አለኝ። በእሱ መኪና ሜሮን ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሙኑኪ፣ ስንሄድ ግን ከኋላችን «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተደፋሁ።

«አባባ፣ ይነሡ! የውሃ ቦቴ ጎማ ነው የፈነዳው» አለ ቾል። መሪውን አስተካከለና፣ «እውነተኛውን ድምፅ ለይተው የሚያውቁበት ቀን አይምጣብዎት» አለ። ይቺን ሲናገር አልሣቀም።

ያረፍኩት ሜሮን ክፍል በተከራየችበት ግቢ ነው፤ እህት አበራሽ የምትባል የሀረር ልጅ ቤት፣ ቁርስ ቤት ያላት፣ በቤተ ክርስቲያን ከሜሮን ጋር አብራ የምታገለግል። ገና ስገባ የራሷን ማራገቢያ ነቅላ እኔ ክፍል ተከለችልኝ። «አንቺስ?» ብላት «እኔ ከሙቀቱ ጋር ታርቄያለሁ» አለች። አጎበሩን በአራቱም ማዕዘን አሰረችልኝ። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣

«አባባ፣ አይስጉ። ጁባ ሰው አይበላም፤ የሚበላው ትንኙ ነው» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «ብቻ ፀሐይ ስትጠልቅ ከግቢ አይውጡ። ወታደር ካዩ ስልክ አያውጡ» ብላ ጨመረች። ስጋቴን በአንድ እጇ ወስዳ በሌላው መለሰችልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከአበራሽ ቤት ፉል በቻፓቲ፣ በስስ ቂጣቸው፣ በልተን ሜሮን ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ጋሪው እዚያ ውስጥ ነው። ሥዕል ነው እንዳልል፣ ሥዕል በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ግን ስታዞረው ይዞራል፤ ሆዱን ያሳያል፤ ስትፈታታው እያንዳንዱ ብሎን ለብቻው ይቆማል። ሞዴል ይሉታል። የገረመኝ ደግሞ፣ ቾል ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ካለው ቢሮው ሆኖ በዚያው ደቂቃ ያንኑ ጋሪ ያያል። እሷ ስትነካው እዚያ ይነካል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።

ሜሮን የመኝታውን ጎን ዝቅ አደረገችው። ወዲያው መጎተቻው፣ ጋሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ረጅሙ ብረት፣ አንገቱ ላይ ቀላ።

«ሜሪ፣ ምን ነካሽው?» አለ ቾል በስልኩ፤ ሜሮንን እንዲያ ነው የሚጠራት።

«ዝቅ አደረግኩት። ምጥ የያዛት ሴት እግሯን እዚያ ድረስ ታነሣለች? አንተ ወልደህ ታውቃለህ?»

«አልወለድኩም፤ ግን ክብደቱ ወደ ፊት መጣብኝ። መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መጎተቻው ይታጠፋል።»

«እንግዲያው አጠንክረዋ። እኔ ሴትየዋን አላንጠላጥላትም።»

«ቆይ… ይሄው። አሁን እይው።»

ቀዩ ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው አረንጓዴ ሆነ። ቀይ ማለት ብረቱ ተጨንቋል ማለት ነው አለችኝ ሜሮን።

በወጣትነቴ አንድ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ንድፍ አውጪው ፎቅ ላይ፣ መሐንዲሱ ሌላ ግቢ፣ እኛ ምድር ቤት ነበርን። አንዱ የሌላውን ፊርማ እንጂ ፊት አያውቅም። ከላይ የሚወርደው ወረቀት የማይሆን ሲሆን እኛ እንስቃለን፤ ለመንገር ግን ደፍሮ ደረጃ የሚወጣ የለም። ስንት ብረት ሁለቴ ተቆርጧል። እነዚህ ልጆች ብረቱ ሳይቆረጥ ተጣልተው ሲታረቁ ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ስህተትን ገና ሳይወለድ የሚያይ መሣሪያ የእኔን የደከመ ዓይን ስህተት ያልፈዋል? የዚያን ዕለት ከሰዓት ደግሞ ቾል መጥቶ እየቀለደ፣ «እኔ እንኳ ወጣት በያጅ ነበር የፈለግኩት አባባ። ልጅዎ ናት ‹ከአባቴ እጅ ውጭ ከሚሠራ ሞቼ እገኛለሁ› ያለችው» አለኝ። እሱ ቀልዱን ተናግሮ ረሳው። እኔ ተሸክሜው አደርኩ።

ሐሙስ ክሊኒኩን ልይ ብዬ ከሜሮን ጋር ጁባ ና ባሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ጋሪው ሲያልቅ የሚጎትተው የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ሹፌሩ ላዶ ነው፤ የዚያው ሰፈር ሰው፣ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቅ። እሱ እኔን፣ ሌላ ቦዳ ሜሮንን ይዞ ሄድን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ሳይሆን የተቦካ ሊጥ ነው። አንድ ቦታ ሞተሩ ሰጠመ። ላዶ ወረደና ጀርባውን ሰጥቶኝ «ሙዜ፣ ያላ!» አለ። ሙዜ ሽማግሌው ማለት ነው፤ ያላ ደግሞ በል ና። እንደ ሕፃን አዝሎ አሻገረኝ። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረች፤ ተመልሶ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ አወጣልኝ።

ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። አዋላጇ ሲስተር ኬጂ ከባድ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የምትለውን ሜሮን ትተረጉምልኛለች።

«ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት በተነቀለ በር ላይ ተሸክመዋት መጡ። አራት ወንዶች ነበሩ። ሲደክማቸው መንገድ ላይ እያወረዱ ያርፋሉ። ሦስት ጊዜ አወረዷት። በሦስተኛው መልሰው ማንሣት አላስፈለጋቸውም።»

ከዚህ በኋላ ጋሪው ለእኔ ጋሪ መሆኑ ቀረ።

ስንመለስ ወታደር አስቆመን። ቦርሳዬን ከፈተ። የመለኪያ ሜትሬን አገኘ፤ ስቦ አወጣውና ደረቴ ላይ ከትከሻ ትከሻ ለካኝ። ለምን እንደለካኝ አላውቅም። የሬሳ ሣጥን ነው የታየኝ። ከዚያ ሜትሩን ለቀቀው፤ ጥርቅ ብሎ ገባ። «ታማም» አለ፤ ደህና ነው ማለት ነው። መለሰልኝ።

አርብ ብረት መቁረጥ ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንድ የሥራ ልማዴን መናገር አለብኝ። እኔ ማንኛውንም ብረት ስቆርጥ አንድ ጣት አስረዝሜ ነው የምቆርጠው። «ለእሳት» እንላለን። ብየዳ ብረቱን ይሰበስበዋል፤ ሞረድም ይበላዋል፤ የተረፈውን መቀነስ ይቻላል፣ ያጠረውን ግን ማን ያስረዝመዋል? ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ሜሮን የቁርጥራጩን ልኬት በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ይህ ይህን ያህል፣ ያ ያን ያህል። ጠመኔዬን አንሥቼ እንደ ልማዴ አንድ ጣት ልጨምር ስል እጄ ቆመ። ያ ቀዩ ቀለም ታየኝ። ‹እኔ ማነኝና ነው ከመሐንዲሱ ልኬት ላይ የምጨምረው? ሽማግሌው አልገባውም ይሉኛል› አልኩ። ጠመኔውን መልሼ ወረቀቱ ባለው ልክ፣ አንድ ፀጉር ሳልጨምር፣ ሁሉንም ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ሜሮን ከቾል ጋር ጎማ ልትገዛ ወጣች። አበራሽም ቁርስ ቤቷ ነበረች። ግቢው ውስጥ ብቻዬን መኝታውን አቆምኩ፤ መጎተቻውን ከሁለት ቱቦላሬ ብረት ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ በየድኩና ላዶ ትቶት ከሄደው ሞተር ጋር አያያዝኩት። መሪውን ሳዞር የሞተሩ የኋላ ጎማ ከመኝታው ጫፍ ጋር ተሳሳመ። አጥሯል። ለካሁት፤ ሁለት ጣት። እንደገና ለካሁት። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና ለካሁት። ሁለት ጣት።

ወረቀቱን አልጠረጠርኩም፤ አውጥቼ ለማስተያየት እንኳ አልደፈርኩም። ልጄ የጻፈችውንና መሐንዲስ ያሰላውን እንዴት እጠረጥራለሁ? ዓይኔን ነው የጠረጠርኩት። ቁጥሩን ተሳስቼ አንብቤያለሁ፣ አበቃልኝ አልኩ። ቾል ምን እንደሚል ታየኝ። ከእሱ ይልቅ ሜሮን ፊቷን ስታዞርብኝ ታየኝ፤ እሱ ባሰብኝ።

ሌላ ቱቦላሬ አልተረፈም። መጎተቻውን መሐሉ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ ቆረጥኩት። ከቁርጥራጭ ሁለት ጣት ቅጥያ አወጣሁና መሐል አስገብቼ በየድኩ። ሳይመጡብኝ ብዬ እየቸኮልኩ ስለነበር ብየዳው ቆንጆ አልሆነም። በግራይንደር ላጥኩት፤ እስኪለሰልስ ላጥኩት፤ ስልጥ ደግሞ ከብየዳው ብዙው ሄደ። ፀረ ዝገት ቀባሁት፤ ደርቦ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት። ሜሮን ስትመጣ ጋሪው ያበራል።

«አባዬ! ጨረስከው? ኧረ ቀለም ሁሉ!» ብላ አቀፈችኝ። ቾል መጎተቻውን በሜትሩ ከጫፍ ጫፍ ለካውና፣ «እንደ ሞዴሉ ነው፣ ልክ!» አለ። እኔ ውሃ እጠጣለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ እንደ ናዝሬቱ ነው የሚዘመረው፣ ላቡ ብቻ ይበልጣል። መዝሙሩ ይዘመራል፣ እኔ የማየው መጎተቻውን ነው። ነገ ሲስተር ኬጂ ልትረከበው ነው። ኮምፒዩተሩ ‹ይችላል› ብሏል፤ ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው በአንድ ሙሉ ብየዳ የተያያዘ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ በሁለት ቀጭን ጠባሳ የተያዘ ብረት መሆኑን ማን ነገረው? የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የተነቀለው በር መጣብኝ። ሦስት ጊዜ ያወረዷት።

ከአገልግሎት በኋላ ምእመናኑ ጋሪውን ሊያዩ ወደ ግቢያችን መጡ። አበራሽ ለስላሳ አቀረበች። ከዚያ ድንገት፣ «እስቲ ለጌታ እንስጠው። አባባ በዕድሜ ትልቃችን ናቸው፣ ሠሪውም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ጭነው ይባርኩት» አለች።

«አሜን!» አሉ ሁሉም፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወደ ጋሪው ቀረብኩ። እጄን ጫንኩ። የት እንደጫንኩት ልንገራችሁ? ቅጥያው ላይ ነው። ወድጄ አይደለም፤ ሰው የሚያመው ቦታ ላይ እጁ ይሄድ የለ? «አባት ሆይ» አልኩ። እንደገና «አባት ሆይ» አልኩ። ሰዉ አፌን ይጠብቃል፤ አንዱ ከኋላ «አዎ ጌታ» ይላል።

«ዓይናችሁን ግለጡ» አልኩ። «ይሄን ልባርከው አልችልም። እዚህ ጋ ተቀጥሏል። ትናንት እኔ ነኝ የቀጠልኩት። በቀለም ሸፈንኩት።»

ሜሮንን ማየት አልቻልኩም። ቾል መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«የት ላይ ነው አባባ?»

አሳየሁት። በቁልፉ ቀለሙን ፋቀ፤ የላጥኩት ብየዳ ወጣ፤ እንደ ወረቀት ስስ። ኮምፒዩተሩን አስመጣና መጎተቻውን መሐሉ ላይ ለሁለት ከፈለው፤ ቅጥያውን አስገባ፤ የብየዳውን ስስነት አስገባ። ከዚያ የወላዷን ክብደት ጫነበት። አረንጓዴው ወዲያው ጠፋ። ቅጥያው ላይ ያለው ቀይ ጥቁር እስኪመስል ጠቆረ።

«ስንት ጉድጓድ ይችላል?» አልኩት።

«ምናልባት አንድ። ምናልባት አንድም አይችልም።»

አበራሽ ወንበር አቀረበችልኝ። ቾል ግን አልጨረሰም። «መጀመሪያስ ለምን አጠረ?» ብሎ ተነሣ። ጋሪውን ሁሉ፣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ፣ ከሞዴሉ ጋር እያስተያየ ለካ። እያንዳንዱ አንድ ጣት አጥሯል። መጎተቻው ከሁለት ስለሆነ ሁለት ጣት።

«አባባ፣ ዓይን ከተሳሳተ አንዱን አስረዝሞ አንዱን ያሳጥራል። ይሄ ዓይን አይደለም። በየትኛው ልኬት ቆረጡት?»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። ያኔ ሜሮን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ አንድ ጣት ይጨምራል፤ ሁልጊዜ ይጨምራል፤ በዚያ ነው ያደግኩት። እንዳይረዝም ብዬ… ከሁሉም ላይ አንድ አንድ ጣት ቀንሼ ጻፍኩለት።»

«እኔ ደግሞ አልጨመርኩም» አልኩ።

«ለምን?!»

«ፈርቼ።»

አበራሽ እጇን በጭንቅላቷ ላይ አደረገች። «ኧረ ጉድ! አባት ልጁን ፈርቶ፣ ልጅ ለአባቷ አስባ፣ መሐል ላይ ወላዷ ልትፈጠፈጥ!»

አንዳንዱ ሣቀ። ቾል አልሣቀም። የተቆጣው ሜሮንን ነው።

«ሜሪ፣ እኔና አንቺ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሞዴል ላይ የተጣበቅነው ይሄ እንዳይመጣ አይደለም? ለእኔ አንድ ልኬት፣ ለአባባ ሌላ ልኬት?»

«ኮምፒዩተር አይወድም ብዬ ነው…»

«ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሰኞ ርክክቡ ቀረ። ቾል ከሥራው አስፈቅዶ መጣና ሞዴሉ ፊት ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ይበሉ አባባ፣ የእሳቱን ጣት የት የት ይጨምራሉ? እዚህ? እዚህስ?» እያለ ጠየቀኝ፤ እኔ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ እሱ እየጻፈ፣ ሜሮን እያስተካከለች። መጎተቻው ከአንድ ሙሉ ብረት እንዲሆን አልኩ፤ ተስማሙ። ማጠሩ የማይጎዳውን ትተን የሚጎዳውን ፈታን። ብረቱን ቾል ራሱ ከገበያ በትከሻው ይዞ መጣ። ስበይድ አልቸኮልኩም፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም፤ ሦስታችንም አጠገብ ለአጠገብ ቆመን ስለነበር ይመስለኛል።

ማክሰኞ ሙከራ ሆነ። አሸዋ በጆንያ ሞልተን መጀመሪያ እሱን ጫንን፤ ላዶ ወስዶ መለሰው። ያዘ። ሙከራውን ልታይ የመጣችው ሲስተር ኬጂ እጇን በወገቧ ይዛ አየችውና «አሸዋ አያምጥም» አለች። «ሰው ተኝቶበት ልይ።»

«እኔ» አልኩ።

«አባዬ አይሆንም!» አለች ሜሮን።

«ማን ይተኛ ታዲያ? ብረቱን የበየድኩት እኔ፤ የማውቀውም እኔ ነኝ።»

ተኛሁ። በጀርባ ተኝቶ መሄድ እንዴት እንደሚያስፈራ ቆሞ የሚሄድ ሰው አያውቀውም። የሚታየው የማንጎ ቅጠልና ሰማይ ብቻ ነው፤ ጉድጓዱ የሚታወቀው ከገባችሁበት በኋላ ነው። በእያንዳንዱ መንገጫገጭ የመጎተቻውን ድምፅ በጀርባዬ እሰማለሁ። ቋ ሲል ነፍሴ ቋ ትላለች። ሙኑኪን ዞረን፣ ያን የተቦካ መንገድ አልፈን፣ ጁባ ና ባሪ ክሊኒኩ በር ላይ ሲያደርሰኝ ሸሚዜ በላብ ሰውነቴ ላይ ተጣብቋል። ከሜሮንና ከቾል ጋር ከኋላችን የደረሰችው ሲስተር ኬጂ ትራሱን ቀና አድርጋ፣ «ጎኑ ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ወላዷ ራሷ ትወርዳለች» አለች። ሜሮን ቾልን አየችው፤ ቾል መሬት አየ።

ረቡዕ፣ ወደ አገሬ መመለሻዬ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ላዶ ሞተሩን እያስጮኸ መጣ። ከጀርባችን ካለው ሰፈር ሴት ምጥ ይዟታል። ዝናብ እየጣለ ነው። ጋሪው ገና እኛ ግቢ ስለነበር አያይዘን ላክን። ሜሮን ከሴትየዋ ጎን ሆና አብራ ሄደች፤ ልሂድ ብል «ክብደት አትጨምር አባዬ» አለችኝ። ጋሪው በበራችን ሲያልፍ አንዲት ወጣት ሴት ፊቷን ሸፍና ተኝታለች፤ አንድ እጇ የመኝታውን ጠርዝ ጨብጧል፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። እኔ ሰላም ሳልላት አለፈች።

የዚያን ቀን የጠበቅኩትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩ አይመስለኝም። አበራሽ ምሳ አቀረበችልኝ፤ አልበላሁም። ቾል ከቢሮው ሁለት ጊዜ ደወለ። «ሰሙ ወይ አባባ?» ይላል። «አልሰማሁም።» ኔትወርክ የለም። ሞዴሉ አረንጓዴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሞዴሉ ላይ ዝናብ አይዘንብም።

ከሰዓት በኋላ የላዶን ሞተር ከሩቅ ለየሁት። በሩን ከፈትኩ። ጋሪው ባዶ ነው፤ ሜሮን ከኋላው በእግሯ ትመጣለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። እኔ ወደ ማንም አልሄድኩም። ጎንበስ አልኩና የመጎተቻውን ጭቃ በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቴ ዙሪያውን ዳሰስኩት። አንዴ ዞርኩ፤ ደግሜ ዞርኩ። ስንጥቅ የለም። ከዚያ ነው ቀና ብዬ «ሴትየዋስ?» ያልኩት።

ላዶ ከሞተሩ ሳይወርድ ለሜሮን አንድ ነገር ነገራትና ሣቀ።

«‹ሙዜ መጀመሪያ የጠየቀው ብረቱን ነው› ይላል» አለችኝ።

አፈርኩ።

«ደህና ናት፣ አባዬ። ወንድ ነው የወለደችው። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

እኔም ፊቴን እንዳያዩብኝ፣ የመጎተቻውን ጭቃ ሁለተኛ የምጠርግ መስዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ።